«ይዞ ማቆየት» እና «ፍልሰት»፦ ስለ ደንበኛና ስለ ሠራተኛ በሚነገር የንግድ አማርኛ ላይ የቀረበ ሒስ

ሪቴንሽን የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ «ይዞ ማቆየት» ይባላል፤ ተርን ኦቨር የሚለው ደግሞ፣ ነገሩ ስለ ሠራተኛ ሲሆን፣ «ፍልሰት» ተብሎ ይተረጐማል። ሁለቱም አተረጓጐሞች በሥልጠና ጽሑፎች፣ በመሥሪያ ቤት ሪፖርቶችና በመመረቂያ ጥናቶች ውስጥ ሥር እየሰደዱ መጥተዋል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምራቸው የፈለግነው አማርኛው ከእንግሊዝኛው ጋር ቃል በቃል አልተካከለም ለማለት አይደለም፤ ቃል በቃል መተካከል የትርጉም ግብ ሆኖ አያውቅምና። ጥያቄያችን ቃላቱን በሥራው ቦታ የሚሰማ ሰው ምን ይገነዘባል የሚል ነው፤ ለዚህም ማያ እንዲሆኑን ደሴንና ኮምቦልቻን መርጠናል።

ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም የሥራቸው ጠባይ ይለያያል። ደሴ ከንጉሥ ሚካኤል ዘመን አንሥቶ የአስተዳደርና የገበያ ከተማ ስለሆነች፣ ደንበኛ የሚለው ቃል በየሱቁ ደጃፍ ሲጠራ ይውልባታል። ቁልቁል ሲወረድ የምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የሥጋ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች የተተከሉባት፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት የሠራተኛ ከተማ ናት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ግቢ አለው፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። ስለሆነም የንግድ ሥራ አመራር የተማረ ወጣት ሪቴንሽንን በእንግሊዝኛ ተምሮ ይወጣና፣ በማግሥቱ ለሱቅ ባለቤት ወይም ለክር ማጠንጠኛ ሠራተኛ በአማርኛ ለማስረዳት ይገደዳል። ችግሩ የሚገለጠውም በዚህች ማግሥት ነው።

ከደንበኛ እንጀምር። ቃሉ ከደንብ የወጣ መሆኑ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ትርጉሙ ደንቡን የጠበቀ፣ ትክክለኛ፣ ዋነኛ ማለት ስለሆነ «ደንበኛ ገበሬ»፣ «ደንበኛ እንቅልፍ»፣ እንዲያውም «ደንበኛ ሌባ» እንላለን። ለገዢ ሲነገርም ይህንኑ ጠባዩን እንደ ያዘ ነው፤ ደንበኛ ማለት መመላለስን ልማድ ያደረገ ገዢ ነው እንጂ አንድ ጊዜ ገዝቶ የሄደ ሰው አይደለም። የኋለኛው ገዢ፣ ሸማች ወይም ገበያተኛ ይባላል። የእንግሊዝኛው ከስተመር ግን ሁለቱንም ይሸፍናል። የሚገርመው የከስተመርም ሥር ከስተም፣ ማለትም ልማድ፣ መሆኑ ነው፤ ቃሉ በዘመናት ውስጥ እየላላ ሄዶ ማንኛውንም ገዢ መጥራት ስለ ጀመረ፣ እንግሊዝኛ የጠፋውን የልማድ ሐሳብ ለመመለስ ሪቴንሽን የሚል ሌላ ቃል ሊጨምርበት ተገደደ። አማርኛ ግን ሐሳቡን በራሱ በደንበኛ ውስጥ እንደ ያዘ ነበር። በጥንቃቄ ለሚናገር ሰው «ደንበኛን ማቆየት» ጥቂት ድግግሞሽ አለበት፤ ያልቆየ ደንበኛ አልነበረምና። እርግጥ ነው፣ የእኛም ቃል በመላላት ላይ ነው፤ በሰኞ ገበያና በፒያሳ ሻጩ አይቶት የማያውቀውን መንገደኛ «ደንበኛ!» ብሎ ይጣራል። ይሁን እንጂ ይህ አጠራር ምኞት ያለበት አክብሮት ስለሆነ፣ የቃሉን መሠረት አላፈረሰውም ብለን እናምናለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው «ማቆየት» ነው። ቆየ ሲባል ነገሩ ሰላማዊ ነው፤ «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» የሚለው ተረትም ትዕግሥትን ያመሰግንበታል። አቆየ ሲባል ግን፣ አድራጊው ሰው ወይም መሥሪያ ቤት፣ ተደራጊውም ባለጉዳይ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ትርጉም ማስጠበቅ፣ ማዘግየት ነው። «ብዙ አቆዩኝ»፣ «አታቆየኝ»፣ «ስላቆየናችሁ ይቅርታ» ማለት የተለመደ ነው። ስለዚህ በአንድ የአገልግሎት መስኮት ፊት የተሰለፈ ሰው «ደንበኞቻችንን ለማቆየት ተግተን እንሠራለን» የሚል ጽሑፍ ቢያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ የተባለው በእርግጥ እየተፈጸመበት ነውና። «ይዞ» ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ይዞ ማቆየት የፖሊስ ሥራ ነው፤ ለእንግሊዝኛውም ከሪቴይን ይልቅ ዲቴይን ለሚለው ይቀርባል። ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት መያዝ ከሚል አንድ የላቲን ሥር ስለ ወጡ፣ ተርጓሚው ሥሩን ተከትሎ ወደ ያዘ ሄደ፤ ሥሩን ሲያገኝ ትርጉሙ አመለጠው። በደሴና በኮምቦልቻ ደግሞ ሐረጉ ሌላ ትዝታም አለበት። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ሁለቱን ከተሞች ከያዙበት ጊዜ አንሥቶ የመንግሥት ጦር በኅዳር ወር ማብቂያ እስኪያስለቅቃቸው ድረስ የነበረው ሁኔታ በአማርኛ ሲነገር፣ ከተሞቹን «ይዘው ቆዩ» ይባላል። የንግድ ቃል መራጭ ይህን ሁሉ ሊያስብ አይገባውም ይባል ይሆናል፤ ቃል ግን የሚኖረው በሰሚው ጆሮ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። በወሎ የምርቃት አማርኛ «ያቆይልን»፣ «አላህ ያቆያችሁ» ሲባል አቆየ ከበጎ ቃላት ሁሉ የላቀ ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን በምርቃቱ ውስጥ አድራጊው ፈጣሪ ነው፤ የሚቆየውም ዕድሜ ነው። በዚህ ላይ «ልን» የምትለዋ ቅጥያ ጥቅሙ ለማን እንደ ሆነ ትነግረናለች። አድራጊው ድርጅት ሲሆን ይህ ሁሉ ይቀራል። ማቆያ የሚለውንም ስም ብናይ፣ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ጊዜ የለመድነው «ለይቶ ማቆያ»፣ ከዚያም በፊት የነበረው «የሕፃናት ማቆያ» የሚያመለክቱት በሌላ ሰው ፈቃድ የሚቆዩበትን ስፍራ ነው። በነገራችን ላይ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። እናት ሥራዋን ሳትለቅ እንድትሠራ የሚረዳ በመሆኑ፣ ማቆያው በቁም ነገር የሠራተኛ ሪቴንሽን መሣሪያ ነው፤ የሚቆየው ግን ሕፃኑ ነው፤ እናቲቱ ትኖራለች፣ ትሠራለች እንጂ «አትቆይም»።

እንግሊዝኛ የሚጽፉ ወገኖቻችንም ከዚሁ ምንጭ የሚመጣ ስሕተት ይፈጽማሉ። «የደንበኛ አያያዝ» የሚለውን የተለመደ አነጋገር ከስተመር ሃንድሊንግ ብለው ሲመልሱ፣ ሪቴንሽንንም በዚያው በያዘ ስለ ተረጐሙት ሁለቱ ይደበላለቁባቸዋል። አያያዝ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ባለጉዳዩ በመጣበት ሰዓት እንዴት ተስተናገደ የሚል ነው። ሪቴንሽን የሚለካው ግን በዓመቱ መጨረሻ ነው፤ አምና የነበሩት ዘንድሮ ስንቱ አሉ ይላል። መልካም አያያዝ ሳይኖር ደንበኛ ሊበዛ ይችላል፤ በከተማው ሌላ ሻጭ ካልኖረ ገዢው ወዴት ይሄዳል? ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ እስኪጀምር ድረስ በአገራችን የስልክ አገልግሎት የሚሰጠው አንድ ድርጅት ብቻ ስለ ነበር፣ ቸርን የሚባለው ቃል፣ ማለትም የደንበኞች ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር፣ የሚሠራበት ስፍራ አልነበረውም። ቸርን በመሠረቱ ወተት መናጥ ማለት ነው፤ አማርኛም ናጠ የሚል ቃል አለውና «የደንበኛ መናጥ» ይባል የሚል ሐሳብ እንዳይመጣ እንሰጋለን። በአማርኛ የሚናጥ ሰው የተጨነቀ ወይም በበሽታ የተያዘ ነው።

ሪቴንሽን ከንግዱ ዓለም ውጭ ሌሎች ጐረቤቶች እንዳሉትም መዘንጋት አይገባም። ለሥራ ተቋራጭ ቃሉ ግንባታው ጉድለት የሌለበት መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ከክፍያው ተቀንሶ የሚያዝ ገንዘብ ነው፤ ለላኪ ነጋዴ ደግሞ ካገኘው የውጭ ምንዛሪ ለራሱ የሚያስቀረው ድርሻ ሲሆን፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ይህ ድርሻ 50 በመቶ ተደርጓል። በነዚህ ሁለቱ ላይ «መያዝ» እና «ማስቀረት» ያለ እንከን ይሠራሉ፤ ምክንያቱም የሚያዘው ገንዘብ ነው። አንድ የቃላት መዝገብ ለሁሉም አንድ ትርጉም ሰጥቶ ማለፉ ስለዚህ ትክክል አይሆንም።

የሕጋችን አማርኛ ነገሩን ቀድሞ ያየው መሆኑ ብዙ አይነሣም። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በፈረንሳይ የሕግ ሊቃውንት፣ በዣን ኤስካራና በእርሱ ሞት ምክንያት ሥራውን በፈጸሙት በአልፍሬድ ዦፍሬ፣ የተረቀቀ ነው። በፈረንሳይ ሕግ የአንድ የንግድ መደብር ዋና ሀብት ክሊያንቴል፣ ማለትም የደንበኞቹ ጉባኤ፣ ነው። እንግሊዝኛው ለዚህ ጉድ ዊል አለ፤ የአማርኛው ቅጂ ደግሞ «መልካም ዝና» አለ። ሦስቱ ቃላት ሦስት ነገር ይላሉ፦ ፈረንሳይኛው ሰዎቹን፣ እንግሊዝኛው የሰዎቹን በጎ ፈቃድ፣ አማርኛው የነጋዴውን ስም ይጠራል። የሕጉ ሐሳብ ግን የመልካም ዝናው ዋጋ ነጋዴው ዕቃና አገልግሎት ከሚፈልጉ ሰዎች ጋር ሊኖረው በሚችለው ግንኙነት መጠን ይለዋወጣል የሚል ነው፤ ይህም ዛሬ ሪቴንሽን ከምንለው ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ሕጉ በአመዛኙ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ቢተካም፣ የቃል መራጮች ወደ ኋላ ተመልሰው ሊያዩት የሚገባ ሥራ ነው። ዝና የሚለውን መምረጣቸውን አንነቅፍም፤ ደንበኛ ሊሄድ ዝናው ሊቀር እንደሚችል ግን እናስታውሳለን።

ሎያልቲ ወደ «ታማኝነት» ሲተረጐምም ተመሳሳይ መንሸራተት አለ። በደሴ ባለሱቅ ዘንድ ታማኝ ደንበኛ ማለት ዱቤ ወስዶ በቀጠሮው የሚከፍል ነው። ዱቤ ያልወሰደ ሰው ሃያ ዓመት ቢመላለስም ታማኝነቱ ገና አልተፈተነም። ስለዚህ አንድ ድርጅት «ለታማኝ ደንበኞቻችን ሽልማት አዘጋጅተናል» ሲል፣ ሰሚው «ሌሎቻችን ሌቦች ነን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በእንግሊዝኛው ታማኝነቱ ለሻጩ የሚሰጥ ወገናዊነት ነው፤ በአማርኛው ግን ሻጩ ለገዢው የሚመሰክርለት ጠባይ ነው፤ አቅጣጫው ተገላብጧል። ሽልማቱን ራሱን በተመለከተ ደግሞ ገበያችን ከሚዛኑ በላይ ለሚጨመረው «ምርቃት» የሚል ውብ ስም አለው። ወሎ በምርቃት የታወቀ አገር ነውና ቃሉ ከአባቶች አፍ ወደ ሚዛን መውረዱ እዚያ ይበልጥ ያምራል። የሥልጠና ጽሑፎች ቦነስ ከማለት ይህን ቢወስዱ ምን ይጐዳቸዋል?

አሁን ወደ ተርን ኦቨር እንለፍ። ነጋዴው ይህን ቃል የሚያውቀው በአዋጅ ቁጥር 308/1995 ከወጣው የተርን ኦቨር ታክስ ነው፤ አዋጁ ሲወጣ በዕቃ ሽያጭ ላይ የጣለው 2 በመቶ ነበር። እዚያ ተርን ኦቨር ጠቅላላ ሽያጭ ማለት ነው። በኮምቦልቻ አንድ የሥራ አመራር ባለሙያ «ተርን ኦቨራችን ከፍ ብሏል» ቢል፣ የሒሳብ ሠራተኛው ደስ ሊለው፣ የሰው ኃይል ኃላፊው ሊያዝን ይችላል። አማርኛ ሁለቱን መለየቱ ስለዚህ ጥሩ ነው። የተመረጠው «ፍልሰት» ግን ተገቢ አይመስለንም።

ፈለሰ ከግዕዝ የመጣ ከባድ ቃል ነው። ከአገር አገር መሄድን፣ መሰደድን፣ ከሥር ተነቅሎ መዛወርን ያመለክታል፤ በቤተ ክርስቲያን ፍልሰታ፣ ፍልሰተ ዐፅም ሲባል ክብርም አለበት። ወፎች ይፈልሳሉ፤ ሕዝብ ይፈልሳል። ከኮምቦልቻ አንዱን ፋብሪካ ትታ የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፍለው ሌላ ፋብሪካ የሄደች ሠራተኛ ግን አልፈለሰችም፤ ለቀቀች። ለቀቀ የሚለው ቃል በእጃችን ሳለ ወደ ፍልሰት መሄዱ ለሪፖርት ግርማ ለመስጠት ይመስላል። ግርማው ግን በነጻ አልመጣም። ፍልሰት እንደ ወፎች ጉዞ ወቅት የሚያመጣው፣ ማንም የማይጠየቅበት ነገር ነው፤ መልቀቅ ግን ምክንያት አለው፤ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ የፈረቃ ሰዓት፣ የአለቃ ጠባይ። «ከፍተኛ የሠራተኛ ፍልሰት አጋጥሞናል» የሚል ሪፖርት ምክንያቱን ከመጻፍ ራሱን አድኗል። አልፎ አልፎ የሚሰማው «ኮበለሉ» ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፤ ሎሌ ወይም የተማሪ ቤት ልጅ ይኮበልላል፤ በማስጠንቀቂያ ውሉን ያቋረጠ ሠራተኛ ግን መብቱን ነው የተጠቀመው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን የማቋረጥ መብት ሰጥቶታል።

ጉዳዩ የቃል ውበት ብቻ እንዳልሆነ የ2014 ዓ.ም. ሁኔታ ያስረዳል። በዚያ ዓመት መግቢያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ሰዎች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር፤ ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የከተሞቹ ነዋሪዎችም ወደ ደቡብ ተሰደዱ፤ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተዘረፉ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ ዕድል ተሰረዘች። ከነዚህ ወራት በኋላ የተሠራ አንድ የሠራተኛ ሰንጠረዥ «ፍልሰት» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ቢኖረው፣ በጥቅምት ሕይወቷን ለማዳን የሸሸችው፣ የውጭ ገበያ ስለ ተዘጋ የተቀነሰችው፣ በግንቦት ደግሞ ለተሻለ ደመወዝ የለቀቀችው ሠራተኛ በአንድ ቁጥር ውስጥ ይገባሉ። ሕጉ ሦስቱን አንድ አያደርጋቸውም፤ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት፣ የሠራተኛ ቅነሳና በሠራተኛው ፈቃድ የሚደረግ መቋረጥ የየራሳቸው ድንጋጌ፣ የየራሳቸውም የክፍያ ውጤት አላቸው። የዓምዱ ስም የሰው እንጀራ ይነካል።

የቁጥሩም ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት ሰዎች ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶ ያህሉ በዓመቱ ውስጥ እንደ ለቀቁ ጽፈዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማእከል ዘገባ ደግሞ በሐዋሳ ፓርክ ያሉ ፋብሪካዎች በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ የመተካት ያህል እንደሚቀጥሩ ገለጸ። ይህን ሁለተኛውን «የፍልሰት መጠን መቶ በመቶ» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ አንባቢው አንድም ሠራተኛ አልቀረም ብሎ እንዲረዳ ያደርጋል፤ ይህ ግን አልተባለም። የመጀመሪያው ቁጥር የተወሰኑ ሰዎችን ተከትሎ ስንቱ ቀሩ ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ወንበሮቹን ቆጥሮ ስንት ጊዜ ተለቀቁ ይላል። በምሳሌ እንየው፦ አንድ የልብስ ስፌት ክፍል 100 ወንበር አለው እንበል። በ90ዎቹ ላይ ያሉት ዓመቱን ሙሉ ሠሩ፤ የቀሩት 10 ወንበሮች ግን እያንዳንዳቸው 4 ጊዜ ተለቀቁ። የለቀቁት 40 ስለሆኑ ተርን ኦቨሩ 40 በመቶ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ መቶ ሠራተኞች የዘለቁት ግን 90 በመቶ ናቸው። 40 እና 90 ተደምረው መቶ አይሆኑም፤ ሊሆኑም አይገባም። አንዱን ከመቶ ቀንሶ ሌላውን የሚያገኝ ጸሐፊ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተሳስቷል። እንደ ነገሩ ከሆነም ለኃላፊው የሚጠቅመው ስለ አሥሩ ወንበሮች መጠየቅ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ለተርን ኦቨር የምንመርጠው «የሠራተኛ መፈራረቅ» የሚለውን ነው፤ መውጣትንም መተካትንም በአንድነት ይይዛልና። «መተካካት» በመልኩ ይሻል ነበር፤ ሆኖም ከ2002 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ኢሕአዴግ ለአመራር ለውጥ ስለ ተጠቀመበት የፖለቲካ ሽታ አድሮበታል። አትሪሽን፣ የለቀቀው ሳይተካ የሰው ቁጥር ሲያንስ፣ «የሠራተኛ መመናመን» ቢባል ጆሮም ልብም ይቀበለዋል። ስለ ደንበኛ «ደንበኝነትን ማጽናት» እንላለን፤ ሰውየው እንደ ልቡ ይሄዳል ይመጣል፤ የሚጸናው ግንኙነቱ ነው። «ደንበኝነቱን አቋረጠ» የሚለው የቆየ አነጋገርም ተቃራኒው ሆኖ ዝግጁ ነው።

ስለ ሠራተኛ ሪቴንሽን ግን በመካከላችን ብዙ ክርክር ተደርጓል። «ማሰንበት» ብዙ ወዳጅ አግኝቶ ነበር፤ ምክንያቱም ሰነበተና ተሰናበተ ከአንድ ሥር የወጡ በመሆናቸው፣ «ሰንባች» እና «ተሰናባች» ተብሎ መኖርና መሄድ ጥንድ ሆነው ይገለጣሉ። እንዲህ ያለ ጥንድ እንግሊዝኛ የለውም። ጉድለቱ የዘመኑ ማጠር ነው፤ ከሰንበት የተነሣ ቃል ስለሆነ የሚሰነብት ሰው ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ያለ እንግዳ ይመስላል፤ የሚሰነብት ቋሚ ሠራተኛ ማንም አይልም። «ማክረም» አንድ ክረምት ይሻገራል፤ ከዚያ አያልፍም። «ማርጋት» ቁጣ ማብረድን ስለሚያስታውስ ከአድማ በኋላ ካልሆነ አይሆንም። የቀረን «ማዝለቅ» ነው። «ይህ እህል ዓመቱን አያዘልቀንም» ሲባል፣ የሚያዘልቀው ነገር ስንቅ ነው፤ ሰውን የሚያዘልቀው የሚበላው እንጂ የሚያስረው አይደለም። «ሠራተኛን ማዝለቅ»፣ ለመጠኑም «የዘለቁ ሠራተኞች ድርሻ» ብንል፣ ኃላፊው ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ቃሉ ራሱ ያነሣለታል፦ በምን ታዘልቃቸዋለህ? «ዘላቂ» የሚለው ቅጽል ለልማት ጽሑፎች ስለ ተሰጠ ለሰው እንዳይሠራበት እንመክራለን፤ «ዘላቂ ሠራተኛ» ቢባል ጡረታ የማይወጣ ይመስላልና። የቃሉ ዕጣ የሚወሰነው ግን የኮምቦልቻ የፈረቃ ኃላፊዎች በቃል ሲናገሩት ምላስ ላይ መቀመጡ ሲታይ ስለሆነ፣ ለጊዜው በመዝገቡ ላይ «ለሙከራ የቀረበ» የሚል ምልክት ይደረግበት፤ «ይዞ ማቆየት» ደግሞ በተቋራጭ ክፍያና በምንዛሪ ድርሻ ላይ ብቻ ተወስኖ ይመዝገብ።